ከፍሬሙ ጀርባ የምትወሸቅ ካርቶን

ሰውየው ፊቱ ላይ ጥላ አይወድም ነበር። ይህን ያወቅነው ፎቶ ካነሳነው በኋላ ነው። ቀድሞ ነግሮን ቢሆን ሦስቱንም መብራት ግንባሩ ላይ ደግነን፣ ፊቱን እንደ ሰሃን ዝርግ አድርገን አንስተን እንሸኘው ነበር። አልነገረንም። እኔም ከዚያ ወዲህ ስጠላው ኖርኩ፤ አላፍርበትም።

ፎቶ ቤቱ የጋሼ ነበር። ጋሼ የምላቸው ዘመዴ ሆነው ሳይሆን ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር ጎረቤታችን ስለነበሩ ነው። ማትሪክ ወድቄ እናቴ ቤት ቁጭ ባልኩበት ዓመት «ከምትቀመጪ ነይና ፎቶ ቁረጪልኝ» ብለው ፒያሳ ወሰዱኝ። ከአንድ ጨርቅ መደብር በላይ፣ የሚንቋቋ የእንጨት ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት ሁለት ክፍል ቤት ነው። መጀመሪያ ፎቶ ቆረጥኩ፣ ቀጥዬ አጠብኩ፣ በሁለተኛው ዓመት መብራት ማቆም ጀመርኩ። ያኔ ሴት ልጅ መብራት ስታቆም ማየት ብርቅ ነበር። ለመነሳት የሚመጡ ወንዶች እኔን አልፈው ወደ ጓዳ እያዩ «ሰውየው የሉም?» ይላሉ። «አሉ፤ የእርስዎን ፊት የማሳምረው ግን እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ጋሼ ከጓዳ ሆነው ይስቃሉ።

ሦስት መብራት ነበረን። ሁለቱ ባለ አምስት መቶ ሻማ አምፖል፣ ሦስተኛዋ ትንሽ። ጋሼ ለሦስቱም ስም አውጥተውላቸዋል። ዋናውን «ተናጋሪው» ይሉታል። እሱ ከሰውየው ወደ ጎን ወጣ፣ ከራሱም ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ባለችበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው «አድማጩ» ነው። በሌላው ጎን፣ ራቅ ብሎ፣ አቡጀዲ ተጋርዶበት ይቆምና ተናጋሪው ያጠቆረውን ጉንጭ ትንሽ ያለዝበዋል። ትንሽ ብቻ። እኩል ከጮሁ ወሬው አይሰማም ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ ሁለቱ እኩል የበሩበት ፊት ምንም አይናገርም። ሦስተኛዋ «ገላጋይዋ» ናት። ከኋላ ሆና ጸጉርና ትከሻ ላይ ታርፋለች፤ ጥቁር ጸጉርና ጥቁር መጋረጃ ተደባልቀው እንዳይቀሩ። በኋላ የፊልም ሰዎች ሲሠሩ አይቻለሁ፤ መብራታቸው በዛ እንጂ ሥራው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ታሪኬ ያለሱ አይገባም። በኛ አገር ቤተሰብ ተሰብስቦ ፎቶ ሲነሳ የሞተውም እንዲቆጠር ይፈለጋል። የአባታቸውን ወይም የወንድማቸውን ፎቶ በመስታወት ፍሬም ይዘው ይመጡና ከኋላቸው ግድግዳ ላይ እንሰቅልላቸዋለን። መስታወት ደግሞ ክፉ ነው። መብራት በመጣበት ልክ ይመልሳል፤ ከካሜራው በኩል የመጣ ከሆነ ወደ ካሜራው ይተፋዋል። ፎቶው ሲታጠብ ሟቹ የሉም፤ በሳቸው ቦታ ነጭ እሳት አለ። የመጀመሪያዬ ጊዜ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፎቶውን ተቀብላ አየችና «ምነው፣ ዳግም ወሰዳችሁት?» ብላ አለቀሰችብኝ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ከፎቶ ወረቀት ካርቶን ቁራጭ ቆርጠው አራት ቦታ አጠፉና ሰጡኝ። ከፍሬሙ አናት ጀርባ ትወሸቃለች። ፍሬሙ ትንሽ ወደ ፊት ይጎነበስና ነጸብራቁ ወለል ላይ ይወድቃል። «ሰውየው አንዴ ሞቷል፤ እኛ ደግሞ ፊቱን አናጥፋበት» አሉኝ። ያቺ ካርቶን ከጋውኔ ኪስ ወጥታ አታውቅም።

ካድሬው የመጣው በደርግ ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ገና የልጅ ጉንጭ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩትና ተናጋሪውን ከለመድነው በላይ ወደ ጎን አወጡት፣ አድማጩን ወደ ኋላ አራቁት። ሰፊ ፊት የሚቀጥነው እንዲህ ነው፤ ግማሹን ጉንጭ ለጥላ ሲሰጡት ቀሪው አጥንት ያወጣል። ፎቶው ሲወጣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ያ የልጅ ፊት ሰው ሆኖ ነበር፤ የሚያስብ፣ ትንሽም ያዘነ ሰው። ጋሼ በዕድሜያቸው ካነሱት ሁሉ እሱ ይበልጣል ብዬ ዛሬም እምላለሁ።

ማክሰኞ መጥቶ ፎቶውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ግማሽ ፊቴ የት ሄደ?» አለ።

«አለ፣ ጥላው ውስጥ ነው። ጥላው ነው ፊትዎን ያሳመረው» አሉ ጋሼ።

«እዚህ ጨለማ ውስጥ የተደበቀው ማነው? አብዮተኛ ፊቱን ይደብቃል? ሁለት ፊት አለህ ነው የምትለኝ?»

«ኧረ ወላሂ፣ ጌታዬ፣ እኔ አሳምሬ...»

«ጌታዬ?» አለ ካድሬው። ዞር ብሎ ከሱ ጋር የመጡትን ሁለት ሰዎች አያቸው። «ሰማችሁት? ጌታ በአብዮቱ ቀርቷል፣ አንተ ሽማግሌ!»

አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው አንተ አላቸው። እኔ የጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እጄ ውሃ ያንጠባጥባል። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸ ነው፤ ጥላቻዬም ግማሹ ከዚያ ዝምታ የመጣ ይመስለኛል።

በማግስቱ መኪና ይዘው መጡ። ጋሼን ወሰዱ፤ ሦስቱን መብራትም ወሰዱ፤ በሩን አሸጉት። መብራቶቹ ለስብሰባ አዳራሹ ይፈለጋሉ ተባለ።

ጋሼ ከሰኔ እስከ ጥር ታሰሩ። ሲፈቱ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ሆጤ አመጣቸው። የታመሙ መስሎኝ ነበር። ሰላም ልላቸው ስጠጋ በድምፄ ለዩኝ፤ ፊቴን ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ያያሉ። ምን እንደሆኑ ለብዙ ጊዜ አልነገሩኝም። አንድ ቀን ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ብቻ፣ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ካድሬው በየቀኑ ያስጠራቸው ነበር። «ጥላ ትወዳለህ አይደል? አሁን ብርሃን እይ» ይልና በገዛ ተናጋሪያቸው ፊት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያስቀምጣቸዋል። ዓይናቸውን ሲከድኑ በአለንጋ ጫፍ አገጫቸውን ቀና የሚያደርግ ሰው አቁሟል። መጀመሪያ አምፖሉ ውስጥ ያለችውን ክር ያዩ ነበር። በኋላ መብራቱ ጠፍቶም ክሯን ያያሉ። በመጨረሻ ያለሷ ሌላ የሚያዩት ነገር ጠፋ።

«መብራቱ ምን አጠፋ? ደግ መብራት ነበር» አሉ ጋሼ። «አብሽሪ፣ አታልቅሺ።»

አላለቀስኩም። የዚህን ሰውዬ ብድር አንድ ቀን እከፍላለሁ አልኩ በሆዴ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ መክፈሌን ግን አልተጠራጠርኩም።

መንገዱን ራሱ ካድሬው ከፈተልኝ። አዳራሹ ውስጥ መብራቶቹን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሁለት አምፖል አቃጠሉ፤ ካድሬውም «ያቺ የሽማግሌው ልጅ ትምጣ» አለ። ልጃቸው እንዳልሆንኩ አላረምኩትም። የሠፈር ሰው ስሄድ አይቶ ፊቱን አዞረብኝ፣ እናቴ እንኳ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ጋሼ ብቻ «ሂጂ፣ እንዳይሰብሯቸው» አሉኝ። ከሁለት ዓመት በላይ በየስብሰባው የካድሬውን ግንባር አበራሁ። ጥላ እንዳይኖር፣ ሁሉም ከፊት፣ እሱ እንዳለው። ሰፊ ፊቱ ላይ አፍንጫው ጠፍቶ እያየሁ በውስጤ እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ። ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስለ ምርት ዘመቻ ፊልም ሊያነሱ፣ ካድሬውም ሊናገር። የነሱ መብራት ሠራተኛ መንገድ ላይ ወባ ጥሎት ሐኪም ቤት ቀርቷል። ስለዚህ የኔ መብራቶች፣ ማለቴ የጋሼ መብራቶች፣ በጭነት መኪና ተጫኑ፤ እኔም ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ። የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ እጄን አደነዘዘው፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። አምፖሎቹን እንደ እንቁላል ጭኔ ላይ ይዤ ነው የወረድኩት።

የፋብሪካው መሰብሰቢያ ክፍል ጠባብ ነበር። ንግግሩ የሚደረግበት ጠረጴዛ ከግድግዳው ሁለት ክንድ አይርቅም፤ ግድግዳው ላይ፣ ከሚናገረው ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሊቀመንበሩ ፎቶ ተሰቅሏል። ትልቅ ነው። ፍሬሙ ወርቃማ ነው። መስታወት አለው።

መጀመሪያ ያቆምኩት ጋሼ እንዳስተማሩኝ ነበር። ለካድሬው ብዬ አይደለም፤ የፊልም ሰዎቹ እያዩኝ ስለነበር ነው፣ ሥራ እንደምችል እንዲያውቁ። ካሜራ የሚይዘው ቀጭን ልጅ እግር ሰው ነበር፤ አየኝና «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «እዚህ ሰው የለም መሰለህ?» አልኩት። ሳቀ።

ካድሬው ገባ፣ ቆመ፣ መብራቶቹን አየ።

«አሁንም ይኸ ጥላ!» አለ። «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? ሁሉንም ወደ ፊት! ካሜራው ጎን!»

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም ሰማን። ተናጋሪውን ወደ ካሜራው ቀኝ፣ አድማጩን ወደ ግራው አመጣሁ። ገላጋይዋንም ከኋላ ነቅዬ ፊት አደረግኳት። ያኔ በካድሬው ራስና በፍሬሙ መካከል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ ከራሱ ወፈር ያለ ጥቁር ጥላ ተዘረጋ።

«እሱስ?» አለ ጥላውን እያሳየ።

«መብራቱን ከፍ ባደርገው ጥላዎ ወርዶ ከኋላዎ ይደበቃል» አልኩት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እውነት ነው፣ ይደበቃል። ያልነገርኩት ሌላው ነው። መብራቱ ከካሜራው ጎን ከፍ ባለ ቁጥር የሊቀመንበሩ መስታወት ላይ ያርፍና ቀጥታ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ካሜራው ኋላ ሄጄ አጎንብሼ አየሁ። ነጸብራቁ የሊቀመንበሩ ደረት ላይ ነበር። ተመለስኩና መቆሚያውን አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኩት። ጥላው ያኔ ተደብቋል፤ ሥራዬ አልቋል። አሁንም ካሜራው ኋላ ሄጄ አየሁ፤ አንገታቸው ደርሷል። አራት ጣት ጨመርኩ። ጥላን ውሰጂ ያለኝ እሱ ነው፤ አራቱን ጣት ግን ማንም አላዘዘኝም። እነሱ የኔ ናቸው።

እጄ ጋውኔ ኪስ ገባ። ካርቶኗ ነበረች። በርጩማ ላይ ወጥቼ ከፍሬሙ አናት ጀርባ መወሸቅ ብቻ ነው፣ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። በጣቴ አራቱን እጥፋት ቆጠርኳቸው። የጋሼን አገጭ ቀና ስታደርግ የነበረችው አለንጋ ታየችኝ። እጄን ባዶውን አወጣሁት።

ካሜራ ያዡ ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲያደርግ ፊቱ ተለዋወጠ። አየኝ። አየሁት።

«ጓድ፣» አለ ወደ ካድሬው ዞሮ፣ «ከኋላዎ ያለው ፎቶ ላይ መብራቱ...»

«መብራቱን አትንኩ አልኩ!» ጮኸ ካድሬው። «አንተ ካሜራህን ይዘህ ሥራ። ከአዲስ አበባ መጥተህ ስለ መብራት ታስተምረኛለህ?»

«እሺ፣ ጓድ» አለ ልጁ። ፊልሙም ተነሳ።

ፊልሙ ታጥቦ ተመልሶ ደሴ አዳራሽ ውስጥ የታየው ከወራት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ነው። ከበላይ የመጡ ትልልቅ ሰዎች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ካድሬው መካከላቸው፣ ፀጉሩን ተቀብቶ። እኔ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ነበርኩ፤ ሥራዬ ነው። አጠፋሁ። የማሽን እጀታ ሲጠመዘዝ፣ ጥጥ ሲባዘት ታየ። ከዚያ ካድሬው መጣ፤ ፊቱ ዝርግ፣ አፍንጫ የሌለው። ከራሱ በላይ ደግሞ በወርቃማ ፍሬም ውስጥ ነጭ እሳት። «በቆራጡ መሪያችን ብልህ አመራር» ይላል ካድሬው እጁን ወደ ኋላ ወደ ፎቶው እየዘረጋ፤ እዚያ ማንም የለም። ኮትና ከረባት አለ፤ ፊት የለም። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ መሪያችን ባለ ቁጥር እጁን ወደ እሳቱ ይዘረጋል። አዳራሹ ውስጥ የፊልሙ ማሽን ብቻ ይሰማል።

መብራቱን ሳበራው ከፊት ከተቀመጡት አንደኛው ሰውዬ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ «ይኸን ማነው ያዘዘው?» አሉ፣ በቀስታ።

ካድሬው በጣቱ እኔን አሳየ። ተጠራሁ፤ እንደታዘዝኩ አደረግሁ አልኩ። ካሜራ ያዡም ተጠየቀ፤ አስጠንቅቄያለሁ፣ ከለከለኝ አለ። የፋብሪካው ሰዎች ሁሉ ተጠየቁ፤ ሁሉም የሰሙትን ተናገሩ፣ ብዙዎቹ ደስ እያላቸው። ስለ አራቱ ጣት የጠየቀኝ የለም። ካድሬው በሳምንቱ ታሰረ።

ሆጤ ሮጥኩ። ጋሼ ደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ፈተና ጥያቄ ጀመሩ። ተናጋሪው በየት በኩል ነበር? ከካሜራው ስንት ክንድ? ስንት ስንዝር ከፍ አደረግሽው?

«አንድ ስንዝር። ከዚያ አራት ጣት።»

«የሰውየው ፊትስ?»

«ሰሃን።»

«ካርቶኗስ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ዳስሰው እጥፋቷን ቆጠሩ፤ ከዚያ ከታሰሩ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

ከዓመት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ አዲስ የመጣው ሹም ስለ መብራት ደንታ አልነበረውምና መብራቶቹን ለመንን፣ መለሱልን። ፎቶ ቤቱን ከፈትኩ። ጋሼ በየጠዋቱ እየመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ደንበኛ ሲገባ በጫማው ድምፅ ሴት ወንድ ይለያሉ።

አንድ ረፋድ ከሲታ ሰው ደረጃውን ወጣ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ ጥርሱ ጎድሏል። አላወቅሁትም ነበር።

«ጉርድ ፎቶ ነው፣ ለመታወቂያ» አለ።

ጋሼ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ። ካድሬው መሆኑን እኔ ያወቅሁት የሳቸውን ፊት አይቼ ነው።

«ይቀመጡ» አሉት ጋሼ ተነስተው። እርስዎ አሉት። ግድግዳውን ይዘው ወደ ተናጋሪው ሄዱ፣ መቆሚያውን አገኙ፣ እየጎተቱ አምጥተው ከሰውየው ፊት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አቆሙት። እንደማንኛውም ደንበኛ በሁለት ጣት አገጩን ቀና አደረጉለት። «ጥላ እንዳይኖርብዎት» አሉ። «አብሪው፣ ልጄ።»

አበራሁ።

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። «ወደ መብራቱ» አሉ ጋሼ። ገለጠው። ያኔ ገባው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተነስቶ መሄድ ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ የያዘውም የለም። አልተነሳም። ጋሼ ከጎኑ ቆመው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ዚክራቸውን ጀመሩ፣ አንድ ባንድ፣ ሳይቸኩሉ። የሰውየው እንባ ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ሠላሳ ሦስት ሲሞላ ጋሼ ቆሙ።

«አጥፊው» አሉ።

እጄ ማብሪያው ላይ ነበር። አላጠፋሁም።

«ልጄ፣ እሱም ዓይን አለው። በቃኝ። አጥፊው።»

አላጠፋሁም። ጋሼ ተንበረከኩ፣ ወለሉን እየዳሰሱ ገመዱን አገኙ፣ ተከትለውት ግድግዳው ጋ ደረሱና ከሶኬቱ ነቀሉት። ክፍሉ ለአፍታ ጠቆረብኝ። ሰውየው ወንበሩን እየተደገፈ ሲነሳ፣ ጋሼም ክንዱን ይዘው ደረጃው ድረስ ሲሸኙት ሰማሁ፤ ዓይነ ስውሩ መብራት ያጥበረበረውን እርከኑን እየቆጠረ ያወርደዋል።

እኔ ግን አልበቃኝም ነበር። ጎንበስ ብዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። መብራቱ ባዶው ወንበር ላይ በራ።